ለገና በዓል ልጅዎ ምን ይሰጣል?

የገና በዓል በተቃረበ ቁጥር በየቤቱ የሚነሳ አንድ ጥያቄ አለ። «ለልጁ ምን እንግዛለት?» የሚል ነው። ጫማው ጠቦታል፤ ሹራቡ ክርኑ ላይ ሳስቷል፤ የጎረቤት ልጅ አዲስ ልብስ ለብሶ ሲወጣ እርሱ በአሮጌው ቢውል ቅር ይለዋል። ይህ የወላጅ ሐሳብ ነውና የሚነቀፍ አይደለም። ልጆች ያልተደሰቱበት በዓል በዓል አይባልምና። ነገር ግን፣ ውድ አንባቢ፣ ለዛሬ ጥያቄውን ገልብጠን ልናቀርብልዎ ወደድን። ልጅዎ ለገና ምን እንደሚቀበል ሳይሆን ምን እንደሚሰጥ አስበው ያውቃሉን?

«ሕፃን ልጅ ምን አለውና ይሰጣል?» ይሉ ይሆናል። እርግጥ ነው፣ ገንዘብ የለውም፤ ቢኖረውም ከእርስዎ ኪስ የወጣ ነው። ይሁን እንጂ ሳህን ይዞ ከጎረቤት የሚያደርስበት እግር አለው። «እንኳን አደረሳችሁ» የሚልበት አንደበት አለው። የሚወደው መጫወቻ፣ የሚያካፍለው ዳቦ አለው። ከሁሉም በላይ ደግሞ እናትና አባቱ ሲሰጡ እንዴት አድርገው እንደሚሰጡ የሚያይበት ዓይን አለው። ልጅ ልግስናን የሚማረው በምክር ብዛት ሳይሆን በዚሁ ዓይኑ ነው።

በዓሉ ራሱ አስተማሪ ነው

ኅዳር 15 ቀን የሚገባው የነቢያት ጾም ታኅሣሥ 28 ቀን ያበቃና በማግሥቱ ታኅሣሥ 29 ቀን ገና ይሆናል። በየአራት ዓመቱ ጳጉሜን 6 ቀን ሆና ካለፈች በኋላ በሚመጣው በዘመነ ዮሐንስ ግን በዓሉ ታኅሣሥ 28 ቀን ይውላል። ልጅዎ «ዘንድሮ ለምን በአንድ ቀን ቀደመ?» ብሎ ቢጠይቅዎ ይህን አስረዱት። ልጅ የሚያከብረውን በዓል ምክንያቱን ሲያውቅ ይበልጥ ይወደዋል።

የበዓሉን ልማድ አንድ በአንድ ብንመለከት መስጠትና መካፈል ያልገባበት ቦታ የለም። በሬ በቅርጫ ሲታረድ ያዩ ልጆች ያውቁታል። የአንድ ሠፈር ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው በሬ ይገዛሉ፤ ከታረደ በኋላ ሥጋው ከየብልቱ እየተቆረጠ በመደብ በመደብ ይደረደራል። ማንም መርጦ አያነሳም፤ በዕጣ ነው። ሀብታሙም ድኻውም የደረሰውን መደብ ይዞ ይሄዳል። ልጅዎ በዚያ ቦታ ቆሞ ቢመለከት ስለ እኩልነት ከሚነገረው ረጅም ንግግር የበለጠ ትምህርት ያገኛል።

ወደ ላሊበላ ብንሄድ ደግሞ ሌላ ዓይነት ልግስና እናያለን። ለገና በዓል ከሩቅ አገር በእግሩ ተጉዞ የሚመጣው ምዕመን ብዙ ነው። የላስታ ሰዎች እንግዳውን ተቀብለው እግሩን ያጥባሉ፤ ማረፊያም ይሰጣሉ። እግር ለማጠብ የሚያስፈልገው ውሃና ጉልበት ነው። ስለዚህ ገንዘብ የሌለው ሰው መስጠት አይችልም ማለት አይቻልም።

በገና ማለዳም ጾም በሚፈታበት ሰዓት በየሠፈሩ ሳህን ተሸፍኖ ከቤት ወደ ቤት ሲሄድ ይታያል። ይህን ሳህን ብዙውን ጊዜ የሚይዘው ልጅ ነው። ጽሑፌን ወደዚሁ ሳህን እመልሰዋለሁ፤ ምክንያቱም እኔው ራሴ በልጅነቴ በዚህ ሳህን አንድ ትልቅ ጥፋት አጥፍቻለሁና።

የተሸፈነው ሳህን

ያደግሁት በደብረ ብርሃን ከተማ ነው። የደብረ ብርሃንን የታኅሣሥ ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሌሊት የወረደው ውርጭ ሣሩን ነጭ አድርጎት ያነጋል፤ ልጅ ከጋቢ ውስጥ መውጣት አይፈልግም። የምነግርዎ ነገር ከ50 ዓመት በላይ የሆነው ነው። ያን ጊዜ የ9 ዓመት ልጅ ነበርሁ።

ከቤታችን ቀጥሎ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ጥጥ እየፈተሉ አንድ ወንድ ልጃቸውን የሚያሳድጉ ሴት ነበሩ። እኛ ልጆች «እትዬ» እንላቸው ነበር። እናቴ በየዓመቱ ለገና ማለዳ እኛ ከመቅመሳችን በፊት ዳርቻው ሰማያዊ በሆነ ነጭ የብረት ሳህን ወጥ ጨልፋ፣ እንጀራ አጥፋ ከላዩ አድርጋ፣ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍና ለእርሳቸው ትልክ ነበር። የምወስደው እኔ ነበርሁ።

እናቴ ስለዚህ ሳህን ሦስት ሕግ ነበራት። የመጀመሪያው፣ ሳህኑ ከእኛ ማዕድ በፊት መሄድ አለበት። «ከበላን በኋላ የምንልከው ትራፊ ነው» ትል ነበር። ሁለተኛው፣ በሳህኑ ውስጥ የሚገባው አንገትና ክንፍ መሆን የለበትም። ሙሉ እግርና ያልተከፈለ እንቁላል መሆን አለበት። ሦስተኛው፣ ስለ ሳህኑ ለማንም አይወራም። «አድርሰሽ ነይ፤ ምስጋና አትጠብቂ፤ ለባልንጀሮችሽም አትንገሪ» ትለኝ ነበር። ሁለቱ ሕጎች ምክንያታቸው ይገባኝ ነበር። ሦስተኛው ግን አይገባኝም ነበር። መልካም ነገር ከሠራን ቢነገር ምን አለበት ብዬ አስብ ነበር።

በዚያ ዓመት እንደ ወትሮው ሳህኑን አደረስሁ። ከሰዓት በኋላ የሠፈሩ ልጆች ሁሉ የገና ጨዋታ ወደሚጫወቱበት ሜዳ ወጣን። ወንዶቹ ጫፉ የተቆለመመ ዱላ ይዘው በሁለት ቡድን ተከፍለው ጥንጉን ይመታሉ፤ እኛ ሴቶቹ ዳር ቆመን እንጮሃለን። ወንድሜ በአንደኛው ወገን፣ የእትዬ ልጅ በሌላው ወገን ነበሩ። የእትዬ ልጅ ቀጭን ቢሆንም ሩጫ ይችል ስለነበር ጥንጉን ከወንድሜ እግር ሥር ነጥቆ መታና አገባው። የእነርሱ ወገን ፈነጠዘ። እኔ ተናደድሁ። ተናድጄም ሰው ሁሉ እየሰማ «የሮጥኸው እኮ የእኛን ዶሮ በልተህ ነው!» አልሁት።

በገና ጨዋታ ጌታም አይቆጣም ይባላል። በዚያ ሜዳ ላይ ብዙ ስድብ ይወረወራል፤ ተሳቀው ያልፉታል። ይህ ግን ጨዋታ አልነበረም። ልጁ አልሰደበኝም፤ አላለቀሰምም። ዱላውን ሣሩ ላይ ጣል አድርጎ ወደ ቤቱ ሄደ። ጨዋታውም ወዲያው ቀዘቀዘ።

ሲመሽ እትዬ ወደ ቤታችን መጡ። ሳህኑን አጥበው፣ በጨርቁ ሸፍነው ይዘዋል። በውስጡ ከራሳቸው ዶሮ የተገኙ ሦስት እንቁላሎች ነበሩ። ለእናቴ ሰጧትና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እግዜር ይስጥልኝ እህቴ፤ ከእንግዲህ ለእኛ አትድከሚ» አሏት። ተቀመጡ ብትላቸው አልተቀመጡም። እናቴ እርሳቸውን ሸኝታ ስትመለስ የእኔን ፊት አየች። ምንም ሳትጠይቀኝ ሁሉንም ነገርኋት።

እናቴ አልመታችኝም። በማግሥቱ እጄን ይዛ እትዬ ቤት ወሰደችኝና ይቅርታ ጠየቅሁ። እርሳቸውም «ልጅ ናት፤ ልጅ የሰማውን ይናገራል» አሉና ሳሙኝ። እኔ ነገሩ በዚህ ያለቀ መሰለኝ። «የሰማውን ይናገራል» ማለታቸው እናቴን ምን ያህል እንደ ወጋት የተረዳሁት ካደግሁ በኋላ ነው። በእኛ ቤት ስለ እርሳቸው ድህነት የሚወራ መስሏቸው ነበር።

የሚቀጥለው ገና መጣ። እናቴ ሳህኑን እንደ ወትሮው አዘጋጅታ ላከችኝ። እትዬ በር ላይ ቆመው «እኛ ጾማችንን ፈትተናል ልጄ፤ ለእናትሽ እግዜር ይስጥልን በያት» አሉኝ። ከቤታቸው የወጥ ሽታ አይሸትም። ከጣሪያው የሚወጣ ጭስም አልነበረም። ልጃቸው ምድጃው አጠገብ ተቀምጦ ወደ እኔ አልዞረም። ሳህኑን ከነሙሉው ይዤ ተመለስሁ። በዚያ ቀን የቀረበልኝን ዶሮ መዋጥ አቃተኝ። አንዲት ቃሌ አንድን ልጅ የገና ምሳውን እንዳስቀረችበት ያኔ ገባኝ።

እናቴ ነገሩን እንዴት አስተካከለችው

ውድ አንባቢ፣ እርስዎ በእናቴ ቦታ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር? ደጋግሞ መለመን ይቻላል፤ ሽማግሌ መላክም ይቻላል። እናቴ ግን ሌላ መንገድ መረጠች። በተከታዩ ዓመት የገና ጾም ሲገባ ወደ እትዬ ሄዳ «ይህች ልጄ እንዝርት መያዝ አታውቅም፤ እኔም ለማስተማር እጄ አይረጋም። እባክዎ ፈትል ያስተምሩልኝ» ብላ ለመነቻቸው። የእናቴ እጅ እንደማይረጋ እውነት ነበር። የምትፈትለው ክር ወፍራምና ቋጠሮ የበዛበት መሆኑን ሠፈሩ ሁሉ ያውቃል።

እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ እትዬ ዘንድ መሄድ ጀመርሁ። ጥጥ መዳመጥ፣ ማባዘት፣ አመልማሎ ማዘጋጀት፣ ከዚያም እንዝርት ማሾር አስተማሩኝ። ክሩ ሲበጠስብኝ አይቆጡም፤ «ቀስ በይ፤ ክር ችኩል አይወድም» ይሉኛል። ልጃቸው መጀመሪያ ቀን እኔ ስገባ ወጥቶ ሄደ። ከሳምንታት በኋላ ግን ክሬ በተበጠሰ ቁጥር መሳቅ ጀመረ። በእኔ ላይ መሳቁ ደስ አለኝ።

የገና ማለዳ ደረሰ። እናቴ ሳህኑን ሸፈነችና «ለመምህርትሽ ውሰጂ» አለችኝ። በእጄ ደግሞ በራሴ የፈተልሁትን የመጀመሪያ ልቃቂት ያዝሁ። እትዬ ልቃቂቱን ተቀብለው ወደ ብርሃን አቅርበው አዩት፤ አገላበጡት። ከዚያ «ግቢ ብርድ ነው» አሉኝ። ሳህኑን ተቀበሉ። እርሳቸውም ከጋገሩት የገብስ ዳቦ ቆርሰው ለእናቴ ላኩ።

እናቴ ያደረገችው ነገር ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ቁም ነገሩ ትልቅ ነው። አንድ ሰው ሁልጊዜ ተቀባይ ብቻ ከሆነ ቀና ብሎ መሄድ ይከብደዋል። እርሱም የሚሰጠው ነገር እንዳለው ሲታወቅለት ግን ሳህኑ ምጽዋት መሆኑ ይቀርና የጉርብትና ይሆናል። እትዬ ከእኛ አንድ ሳህን ወጥ ተቀበሉ፤ እኔ ከእርሳቸው የዕድሜ ልክ ሙያ ተቀበልሁ። ሒሳቡ ይሠራ ቢባል ባለዕዳዎቹ እኛ ነበርን።

ለወላጆች የምንሰጠው ምክር

ከዚህ ታሪክ ተነስተን በመጪው ገና በእርስዎ ቤት ሊሠራባቸው የሚችሉ ጥቂት ነገሮችን እንጠቁማለን።

አንደኛ፣ ልግስናም በዓልም በአቅም ይሁን። በዓል በደረሰ ቁጥር ዶሮውም፣ ቅቤውም፣ ሽንኩርቱም ዋጋው ይንራል። በዚህ ጊዜ ተበድሮ፣ ዕቁብን አስቀድሞ በልቶ በዓሉን ለማድመቅ የሚሞክር ቤተሰብ አለ። ልጁ በቀን አዲስ ልብስ ለብሶ ይደሰታል፤ ሌሊት ደግሞ እናትና አባቱ ስለ ዕዳው ሲጨቃጨቁ ከአልጋው ውስጥ ሆኖ ያዳምጣል። ልጅ ከልብሱ ይልቅ የሚያስታውሰው ጭቅጭቁን ነው። ዘንድሮ ለዶሮ ካልተቻለ ለልጁ በግልጽ ይነገረው። ድፎ ዳቦውን እርሱ ራሱ እንዲቆርስና ለጎረቤት እንዲያደርስ ይደረግ። ዳቦም ከተሰጠ ስጦታ ነው።

ሁለተኛ፣ የሚሰጠው ነገር ለሰው የሚሆን ይሁን። በበዓል ሰሞን ሣጥን ከፍተን «ይህ ለድሃ ይሁን» ብለን የምናወጣውን ልብስ እስቲ እንመልከተው። ቁልፉ የወለቀ፣ ጉልበቱ የተቀደደ፣ ቅባት የነካው ከሆነ ለመወልወያ እንጂ ለሰው አይሆንም። የሚሰጥ ልብስ መታጠብ፣ ቁልፉ መተከል፣ የተተረተረው መሰፋት፣ በካውያ መተኮስ አለበት። ይህን ሥራ ልጅዎ አብሮ እንዲሠራ ያድርጉ። የስምንት ዓመት ልጅ ቁልፍ መትከል ይችላል። ለማያውቀው ልጅ ቁልፍ የተከለ ልጅ ስለዚያ ልጅ ማሰቡ አይቀርም።

ሦስተኛ፣ ለተቀባዩ የሚስማማውን ይለዩ። ጎረቤትዎ ሙስሊም ቢሆኑ በክርስቲያን እጅ የታረደ ዶሮ መላክ አክብሮት ማጉደል ነው። ለእነርሱ ድፎ ዳቦ፣ ፈንዲሻ ይሂድላቸው፤ ወይም ለቡና ይጠሩ። ልጅዎም «ለምን ለእነርሱ ዶሮ አልላክንም?» ብሎ ሲጠይቅ የሰውን ሃይማኖት ማክበር ማለት ምን እንደሆነ ከዚያው ከወጥ ቤት ይማራል። ለኢድ ደግሞ የእነርሱ ልጅ ወደ እናንተ ቤት ሲመጣ ነገሩ ይበልጥ ይገባዋል። የስኳር በሽታ ላለባቸው አዛውንት ጣፋጭ አይላክም። ጥርስ ለሌላቸው ደረቅ ዳቦ አይላክም። ስጦታ ማለት ያለንን ማራገፍ ሳይሆን የሌላውን ሰው ሁኔታ ማሰብ ነው።

አራተኛ፣ በምስጢር ይሁን። ዛሬ በየከተማው የገና አባት ምስል በየሱቁ በር ተሰቅሎ እናያለን። ልጆቻችንም ቀይ ልብስና ነጭ ጺም ያለውን ሰው ያውቁታል። ይህ ምስል ከየት እንደመጣ ግን ብዙዎቻችን ለልጆቻችን አንነግራቸውም። መነሻው በ4ኛው መቶ ዓመት ዛሬ ቱርክ በሚባለው አገር የሚራ ከተማ ጳጳስ የነበረው ቅዱስ ኒቆላዎስ ነው። ስለ እርሱ ከሚተረኩት ሁሉ የታወቀው፣ ሦስት ሴቶች ልጆቹን መዳር ላቃተው ለአንድ ድሃ አባት ማንም ሳያየው በሌሊት ወርቅ በቤቱ ውስጥ ጥሎ መሄዱ ነው። ልብ ይበሉ፤ በሌሊት ነው፤ ማንም ሳያየው ነው። በዓለም የታወቀው የገና አባት የታወቀው ተደብቆ በመስጠቱ ነው። የእኛም እናቶች የተሸፈነ ሳህን ከዚህ አይለይም።

ዛሬ ግን አንድ አዲስ ልማድ ገብቷል። ልጁ ለድሃ ልብስ ሲሰጥ፣ ዳቦ ሲያቀብል ወላጅ ስልኩን አውጥቶ ፎቶግራፍ ያነሳና ለሺህ ሰው ያሳያል። ወላጁ ይህን የሚያደርገው በክፋት አይደለም፤ በልጁ ኮርቶ ነው። ነገር ግን ፎቶግራፉ ላይ ያለው ሁለት ሰው ነው። የሚቀበለውም ሰው ልጅ አለው፤ ጎረቤት አለው፤ ስም አለው። እኔ በሜዳ ላይ ለ20 ልጆች የጮኽሁትን ስልኩ ለስንት ሰው እንደሚጮኸው ያስቡት።

አምስተኛ፣ ልጅዎን አያስገድዱ። ሦስትና አራት ዓመት የሆነው ሕፃን «የእኔ» የሚለውን ቃል ገና አሁን እየተማረ ነው። መጫወቻውን ከእጁ ነጥቀው ለሌላ ልጅ ቢሰጡበት የሚማረው መስጠትን አይደለም፤ ጉልበት ያለው ሰው እንደሚነጥቅ ነው። ለዚህ ዕድሜ ዳቦ ይዞ ከእናቱ ጋር ጎረቤት መሄዱ ይበቃዋል። ስድስትና ሰባት ዓመት ሲሞላው ከራሱ ንብረት መርጦ እንዲሰጥ ሊጠየቅ ይችላል። እምቢ የማለት መብቱም ይጠበቅለት። ከአሥር ዓመት በላይ የሆነው ደግሞ ጾሙ ከሚገባበት ጊዜ ጀምሮ ከሚሰጠው ሳንቲም ጥቂት ጥቂቱን እያጠራቀመ፣ ለማን ምን እንደሚያደርግ ራሱ ቢያቅድ መልካም ነው።

ስድስተኛ፣ መቀበልንም ያስተምሩት። መስጠት የሚወድና መቀበል የሚያፍር ሰው ልግስናው ግማሽ ነው። ከጎረቤት ትንሽ ቆሎ ቢመጣ «ምን ያደርግልናል» ብሎ ወደ ጎን ማስቀመጥ አይገባም። ልጅዎ በሁለት እጁ ተቀብሎ፣ አመስግኖ፣ እዚያው ቀምሶ ያሳይ። ሳህኑም ሲመለስ ባዶውን አይመለስ።

ባለፈው ገና የሆነው

እነዚህን ምክሮች ስጽፍ ሁሉንም ተምሬ የጨረስሁ መስዬ እንዳልታይ፣ ባለፈው ገና በልጄ ቤት የሆነውን ልንገርዎና ላብቃ። ልጄ አዲስ አበባ በኮንዶሚኒየም ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች። የ7 ዓመት ሴት ልጅ አለቻት። የልጅ ልጄ በዋዜማው አንድ እጇ የወለቀ አሻንጉሊት ይዛ መጣችና «አያቴ፣ ይህን ለጥበቃው ልጅ ልስጣት?» አለችኝ። የሕንጻው ጥበቃ የእርሷ እኩያ የሆነች ልጅ አለቻቸው።

እኔም «አንቺ ብትሆኚ እጅ የሌላት አሻንጉሊት ቢሰጡሽ ደስ ይልሻል?» አልኋት። ዝም አለች። ሄዳ የምትወዳትን፣ አብራት የምትተኛውን አሻንጉሊት ይዛ ተመለሰችና አቅፋት ቆመች። ዓይኗ እንባ ሞልቷል። ለካስ እኔ ሳላውቀው የምትወደውን እንድትሰጥ ያዘዝኋት መስሏት ኖሯል። «ይህችን አልፈልግም እንድትሰጪ፤ እርሷ ያንቺ ናት» አልኋትና አስቀምጠነው ቡና ማፍላት ጀመርን። ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ራሷ ተነሳች። ለትምህርት ቤት የተገዛላትን አዲስ የባለ ቀለም እርሳስ ሣጥን አመጣች። ከየቀለሙ እየለየች ግማሹን በወረቀት ጠቀለለች። ቀይ አንድ ብቻ ነበርና ብዙ አሰበችበት። በመጨረሻ ቀዩን ለዚያች ልጅ ጨመረችላት።

በማግሥቱ ማለዳ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እኛ ጾም ከመፍታታችን በፊት ሳህኑ ተዘጋጀ። ዳርቻው ሰማያዊ የሆነው የእናቴ ሳህን ነው፤ ጠርዙ ተፈርፍሮ ጥቁሩ ቢታይም እስካሁን ያገለግላል። ልጄ እንደ ልማዷ ስልኳን ስታነሳ ዓይኔን አየችና መልሳ አስቀመጠችው። የልጅ ልጄ ሳህኑን በሁለት እጇ ይዛ፣ ጥቅሉን በብብቷ አድርጋ ደረጃውን ወረደች። እኔም ቀስ እያልሁ ተከተልኋት፤ እስከ ታች ግን አልወረድሁም።

ተመልሳ ስትወጣ «ምን አሉሽ?» ብላ እናቷ ጠየቀቻት። «እንኳን አብሮ አደረሰን አሉ» አለች። ሌላ አልጨመረችም። ከሰዓት በኋላ በመስኮት ስመለከት ሁለቱ ልጆች በግቢው ሲሚንቶ ላይ አንድ ወረቀት ዘርግተው፣ ተደፍተው ሥዕል ሲስሉ አየሁ። ቀዩ እርሳስ ከአንዷ እጅ ወደ ሌላዋ እጅ ይተላለፍ ነበር።

እንግዲህ፣ ውድ አንባቢ፣ በመጪው ገና ወደ ገበያ ሲወጡ ለልጅዎ ልብስና ጫማ ከሚገዙበት ዝርዝር ሥር አንድ መሥመር ይጨምሩ፦ «ልጄ ለማን፣ ምን፣ እንዴት አድርጎ ይሰጣል?» መልሱን ለብቻዎ አይወስኑ፤ ከልጅዎ ጋር ቡና እያፈሉ ይመካከሩበት። ሳህኑን መሸፈን ብቻ አይርሱ።

እንኳን አደረሳችሁ፤ መልካም የገና በዓል ይሁንላችሁ።